አርባ ቀን

«እማዬ፣ ቀስ በይ፤ ቁልቁለት ነው» እላታለሁ። በቸርችል ጎዳና ከቴዎድሮስ አደባባይ ወደ ዋናው ፖስታ ቤት እየወረድን ነው። ጥለት ያላትን ትንሽ ነጠላ በፌስታል ይዛለች።

እህቴ ጀርመን አገር ወንድ ልጅ ወልዳለች። ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀኗ ክርስትና ትነሣለች፤ ቀኑ አይገፋም። ማመልከቻውን ያስገባነው ሕፃኑ በተወለደ በሦስተኛው ቀን ነው። ዱሮ ቢሆን እንደርስ ነበር፤ የሼንገን ቪዛ መደበኛ ጊዜው 15 ቀን ነበርና። በሚያዝያ 2016 ግን የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት ለኢትዮጵያውያን 45 ቀን አደረገው። ምክንያቱ፣ መንግሥት እዚያ ያለ ፈቃድ የሚኖሩ ዜጎቹን በመመለስ ረገድ አልተባበረም የሚል ነው። እናቴ በዚህ ክርክር ውስጥ ምን አላት? ገንፎ አገንፍታ ልጇን ልታርስ ነበር የፈለገችው። ይህ ያንገበግበኛል።

«ስምንት ቀን እኮ ናት የጎደለችን» አለችኝ፣ የሐበሻ ልብስ መደብሮቹን አልፈን።

ፖስታ ቤቱ መስኮት ጋ ስንደርስ ነጠላዋን አውጥታ ዘረጋቻት፣ በእጇ ዳበሰቻት፣ መልሳ አጠፈቻት።

«የክርስትና ስሙን ቄሱ እንዳወጡለት ወዲያው ደውይልኝ በላት» አለችኝ።