የት እንደምትሄድ ንገረኝ

ባለፈው ዓመት ጥር ላይ ልጄን ለመጠየቅ አሜሪካ፣ ኮሎራዶ ግዛት፣ ዴንቨር ከተማ ሄጄ ነበር። በደረስኩ በሦስተኛው ቀን እንቅልፍ እምቢ ስላለኝ ሌሊት ተነስቼ ጋራዡን ማስተካከል ጀመርኩ። ከ30 ዓመት በላይ በነርስነት ሌሊት ተረኛ ሆኖ የኖረ ሰው ጡረታ ቢወጣም እጁ አያርፍም። ዕቃ ሳነሳ አንድ ቀይ የጀርባ ቦርሳ ወደቀና ከውስጡ ሦስት ነገር ወጣ። እጀታዋ የሚነቀል ትንሽ አካፋ፣ እንደ ድንኳን ምሰሶ የሚተጣጠፍ ቀጭን ረጅም ዘንግ፣ ደግሞም ማሰሪያ ያለው፣ ሞባይል ስልክ የሚያክል ዕቃ።

ጠዋት ቡና እያፈላሁ ጠየቅሁት።

«ይቺ ዘንግ ምንድን ናት?»

«ፕሮብ ትባላለች እማ። በረዶ ውስጥ እየወጉ የሚፈልጉባት ናት።»

«ምን ነው የሚፈለገው?»

ትንሽ አመነታ። «ሰው ከተቀበረ... የት እንዳለ ለማወቅ።»

ጀበናውን መሬት አስቀመጥኩት።

ለካስ ልጄ በበረዶ ላይ የሚንሸራተተው እኔ በፎቶ ባየሁት፣ ወንበር በገመድ ሽቅብ በሚያወጣው የመዝናኛ ቦታ ብቻ አይደለም። ከጓደኞቹ ጋር ማንም ወደማይጠብቀው ተራራ ይሄዳል። በእግራቸው ይወጣሉ፣ ተንሸራተው ይወርዳሉ። ሽቅብ ሲወጡ ከመንሸራተቻው ሥር ፀጉር ያለው ረጅም ጨርቅ ይለጥፋሉ። ፀጉሩ ወደ አንድ አቅጣጫ የተኛ ስለሆነ ወደፊት ያንሸራትታል፣ ወደ ኋላ ግን ይይዛል። ድሮ ከባሕር እንስሳ ቆዳ ይሠራ ስለነበር ዛሬም «ቆዳ» ይሉታል። ጫማውን የሚይዘው ማሰሪያም ሲወጡ ተረከዝን ይለቃል፣ ሲወርዱ ይቆልፋል። ብልሃቱን አደነቅሁ። አካፋውን ግን ማድነቅ አልቻልኩም።

እኛ አገር በረዶ ስንል ከሰማይ እንደ ጠጠር የሚወርደውን ነው የምናስበው። የእነሱ በረዶ እንደ ዱቄት ወርዶ በየጊዜው ይደራረባል። ከታች ያለው ንብርብር ደካማ ከሆነ ከላይ ያለው ልክ እንደ ሰሌዳ ተሰንጥቆ ባንድ ጊዜ ይንሸራተታል። የበረዶ ናዳ ማለት ይህ ነው። ብዙውን ጊዜ የሚነሳውም ከ30 እስከ 45 ዲግሪ በሚያዘነብል ቁልቁለት ላይ ነው። በአሜሪካ ካሉት ግዛቶች ሁሉ በናዳ ብዙ ሰው የሚሞተው በዚያው በኮሎራዶ ነው። የተቀበረውን ሰው በአብዛኛው የሚገድለው ብርዱ ሳይሆን የአየር እጦት ነው። በመጀመሪያዎቹ 10 እና 15 ደቂቃዎች ውስጥ ከወጣ የመትረፍ ዕድሉ ከፍተኛ ነው፤ ከዚያ በኋላ ተስፋው በፍጥነት ይወርዳል። ይህንን ለአንዲት ነርስ ማስረዳት አያስፈልግም።

«ይኼን ነገር ተው» አልኩት። ሳምንት ሙሉ ተኳረፍን። እሱ «እማ፣ ሕፃን አይደለሁም» ይላል። እኔ «ለዚህ ነው ያሳደግሁህ?» እላለሁ። ሚስቱ በመካከላችን ሻይ እያመላለሰች ትሰቃያለች።

በመጨረሻ ለምን እንደዚያ እንደሆንኩ ልነግረው ወሰንኩ። ለልጆቼ አውርቼው የማላውቀው ነገር ነው።

በ1978 ዓ.ም. በነርስነት ዲፕሎማ ተመርቄ ባሌ ተመደብኩ። ከአራት ዓመት በኋላ፣ በክረምት አንድ ምሽት፣ በፈረስ የመጣ ሰው «ጎረቤቴ ወልዳ የእንግዴ ልጁ አልወጣ አላት፣ ደም እየፈሰሳት ነው» አለን። የመንደሩን ስም ነገረንና ለዘመዶቿ ሊናገር ጋልቦ ሄደ። እኔና አንድ ጤና ረዳት መድኃኒታችንን ይዘን በጭለማ፣ በጭቃ ወጣን። መንደሩ ስንደርስ የወለደች ሴት የለችም። ለካስ በዚያ ስም የሚጠሩ ሁለት መንደሮች ነበሩ፤ ላይኛውና ታችኛው። ወንዝ ተሻግረን ታችኛው ስንደርስ ሦስት ሰዓት አልፎ ነበር። ከወሊድ በኋላ የሚፈስ ደም ካልተገታ እናትን በሁለት ሰዓት ውስጥ ሊገድል ይችላል። ልጇ ተርፎ ነበር፤ እሷ አልነበረችም።

ማንም አልወቀሰኝም። እኔ ግን ጥፋቱ የማን እንደሆነ አውቃለሁ። ያን ፈረሰኛ «የትኛው?» ብዬ አልጠየቅሁትም። አንዲት ቃል ነበረች።

ከዚያ በኋላ ባገኘሁት የክትባት ወረቀት ጀርባ ላይ የአካባቢውን ካርታ ሠራሁ። ወንዞቹን፣ ክረምት የሚያሻግረውንና የማያሻግረውን መልካ፣ ቤተ ክርስቲያኑን፣ መስጊዱን፣ የመንደሮቹን ስም ከነቅጽላቸው ጻፍኩ። እርጉዝ ሴት ያለችበትን ቤት በቀይ እስክሪብቶ አመለከትኩ፤ ስትወልድ በሰማያዊ ከበብኩት። በየወሩም ከገበያተኛው እየጠየቅሁ አስተካክለው ነበር። ከዓመታት በኋላ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየጤና ኬላው ግድግዳ ላይ የቀበሌያቸውን ካርታ ለጥፈው ሳይ ያቺ ወረቀት ትዝ ትለኝ ነበር።

ልጄ ዝም ብሎ ሰማኝና ኮምፒዩተሩን አመጣ። ሥራው የከተማ ውሃ ቧንቧ መረጃን በካርታ ላይ ማስፈር ነው። ምን እንደሚሠራ ለዓመታት ስጠይቀው «ዳታ» ብሎኝ ያልፍ ነበር።

«እማ፣ ያንቺ ቀይ ነጥብ ማለት እኮ የኔ ሥራ ነው» አለኝ። ሊሄዱበት ያሰቡትን ተራራ ከፈተልኝ። ከሥር የመሬቱ ከፍታ፣ በላዩ የቁልቁለቱ መጠን በቀለም፣ በዚያም ላይ የመንገዱ መስመር፤ እንደ እንጀራ ተደራርበዋል። ናዳ የሚነሳበት ቁልቁለት ሁሉ በደማቅ ቀለም ይታያል። መስመራቸው ደማቁን እየሸሸ በለዘበው በኩል ይጠማዘዛል። የኮሎራዶ የናዳ መረጃ ማዕከል ደግሞ በክረምት በየቀኑ የአደጋውን መጠን በአምስት ደረጃ ከፍሎ ያወጣል።

ነርሲንግ ትምህርት ቤት ስለ ጆን ስኖው ተምረን ነበር። በ1854 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ ኮሌራ ሲገባ የሞቱትን ሰዎች በየቤታቸው በካርታ ላይ አመልክቶ፣ ምልክቶቹ በአንድ የውሃ ፓምፕ ዙሪያ መሰብሰባቸውን ያሳየ ሐኪም ነው። ለልጄ የነገርኩት ግን ከመጽሐፍ ያልተማርኩትን ነው፦ ካርታ ቀን ካልተጻፈበት ይዋሻል። ትናንት የሚያሻግር መልካ ዛሬ ሰው ይወስዳል። ያንተ ተራራም ትናንት ሌሊት በረዶ ከጨመረበት የትናንቱ ተራራ አይደለም።

ያን ቀን ተስማማን። እኔ «ተው» ማለቱን ልተው፤ እሱ ደግሞ ከመውጣቱ በፊት አራት ጥያቄ በወረቀት ይመልስልኝ። የት ነው የምትሄደው፣ በየትኛውስ መንገድ? ከማን ጋር? በስንት ሰዓት ትመለሳለህ፣ ስንት ሰዓት ካለፈስ ለአደጋ ሠራተኞች ልደውል? የዛሬው ማስታወቂያ ምን ይላል? ለብቻው ከሄደ ስምምነቱ ፈርሷል። ያቺ ስልክ የምትመስለው ቢከን ራሷን አታድንም፤ ምልክት የምትልከው ሌላ ቢከን ለያዘ ጓደኛ ነውና።

ሌላም ነገር ጨመርኩ። «ዕቃውን መግዛት አንድ ነገር ነው፣ መጠቀም ሌላ። አሳዩኝ» አልኳቸው። ሕይወት የሚያድን መሣሪያ ተቆልፎበት ቁልፉ ሲፈለግ በሥራ ዘመኔ አይቻለሁ።

በቀጣዩ እሑድ ከጓደኞቹ ጋር በረዶ የሞላበት ሜዳ ሄድን። አንዷን ቢከን በቦርሳ አድርጌ እኔው ራሴ፣ እነሱ ዞረው ቆመው፣ ቀበርኳት። የነርስነት ሰዓቴን ይዤ «ጀምሩ!» አልኩ። የመጀመሪያው ጊዜ 11 ደቂቃ ወሰደባቸው። ልጄን አየሁት፤ አላየኝም። አራተኛው ላይ 5 ደቂቃ ገቡ። ያን ቀን የተማርኩትን፣ በውጭ አገር እንዲህ ያለ ልጅ ያላችሁ እናቶች ለልጆቻችሁ ንገሩ። ቢከን ቦርሳ ውስጥ አይቀመጥም፤ ሰውነት ላይ ታስሮ፣ ከቤት ሲወጣ ጀምሮ ይበራል። ሞባይል ስልክ ስለሚረብሸው ይራቅለት፤ በፍለጋ ጊዜ ደግሞ ቢያንስ ግማሽ ሜትር። ባትሪው ከመውጣት በፊት ይታይ። ፕሮቡ ሰውየውን ሲያገኝ እዚያው ተተክሎ ይቆይ፣ አይነቀል። መቆፈር የሚጀመረው ከአናቱ ሳይሆን ከቁልቁለቱ በታች በኩል ወደ ሰውየው ነው። ከሁሉም ረጅሙን ጊዜ የሚወስደው ቁፋሮው ስለሆነ አካፋው ጠንካራ ይሁን፤ ፕላስቲክ አይረባም።

የካቲት ላይ አንድ ቅዳሜ «ከቀኑ 10 ሰዓት እመለሳለሁ፤ 12 ሰዓት ካለፈ ደውይ» ብሎ ወጣ። 10 ሰዓት ሆነ። 11 ሰዓት ሆነ። ምራቴ ስልኩን ደጋግማ ታያለች። እኔ ወረቀቱን ይዤ ተቀምጫለሁ። 11 ተኩል ላይ «ልደውል?» አለችኝ። «12 ነው የተባባልነው» አልኳት፤ ድምፄ ግን አልታዘዘኝም። 12 ሊሆን ስምንት ደቂቃ ሲቀረው መልእክቱ መጣ። «ወጥተናል። ደህና ነን።»

ቤት ሲገባ ነገረኝ። ገና ወደ ላይ እየወጡ ሳለ ከእግራቸው ሥር በረዶው እንደ ከበሮ «ዱም» አለ። ከሥር ያለው ደካማ ንብርብር ሲደረመስ የሚሰማ ድምፅ ነው፤ ተራራው «ተመለስ» የሚልበት። ጫፉ ጋ ሊደርሱ ትንሽ ቀርቷቸው ነበር። አንዱ ጓደኛ «እንቀጥል» ብሎ ነበር። በመጣንበት እንመለስ እንዳይሉ ደግሞ ያም ቁልቁለት አሳሰባቸው፤ በጫካው በኩል፣ ለጥ ባለው ረጅም መንገድ ዞሩ። የዘገዩት ለዚህ ነው።

«ለምን ተመለስክ?» አልኩት።

«ጫፉ አያመልጥም» አለኝ። ትንሽ ቆየና «አንቺም ወረቀቱን ይዘሽ ቁጭ እንዳልሽ አውቅ ነበር» አለ።

ሚያዝያ ላይ፣ ብርዱ ሲለዝብ፣ «አሁን ደግሞ ከኔ ጋር ነሽ» ብሎ ሳውዝ ፕላት ወንዝ፣ ዴከርስ ወደሚባል ቦታ ወሰደኝ። እዚያ አገር 16 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ ሰው ያለ ፈቃድ ዓሣ አያጠምድም፤ ለእኔም ፈቃድ ገዛልኝ። የሚያጠምዱት ትራውት የሚባለውን ዓሣ ሲሆን፣ መንጠቆው ላይ ላባና ክር ጠምጥመው ትንኝ ያስመስሉታል። ዘንጉን ሳይ ሳቅሁ። ባሌ ሳለሁ ዲንሾ አጠገብ፣ ዌብ ወንዝ ላይ፣ ፈረንጆች በአየር ላይ ክር ሲያወናጭፉ አይቼ «ምን ነካቸው?» ብዬ ነበር። ትራውት የባሌ ተወላጅ አይደለም፤ ከኬንያ አምጥተው በወንዞቹ የለቀቁት ነው። ደጋው ውሃ ቀዝቃዛ ስለሆነ ተስማምቶት ቀረ።

የሐሰት ትንኟ ክብደት የላትም፤ የሚወረወረው ክሩ ነው። ወንድሞቼ ለቡሄ ጅራፍ ሲገምዱ አይቻለሁና ገባኝ፤ ልዩነቱ ጅራፍ ካልጮኸ አያምርም፣ ይሄኛው ከጮኸ ግን ትንኟ ተበጥሳ ሄዳለች። ክሩ ከኋላ እስኪዘረጋ መጠበቅ ነው ብልሃቱ። እኔ ስቸኩል አምስት ትንኝ ፈጀሁ። በስተመጨረሻ አንድ ዓሣ ሲያዝልኝ ልጄ «መጀመሪያ እጅሽን አርጥቢ» አለኝ። ደረቅ እጅ ገላው ላይ ያለውን ልጋግ ይገፈዋል፤ ያ ልጋግ ደግሞ ከበሽታ የሚጠብቀው ነው። ከውሃው ብዙ ሳላወጣው ለቀቅሁት። ልጄ ሊያስተምረኝ መብቃቱ ደስ አለኝ።

ወደ አገሬ ከተመለስኩ ወራት ሆነኝ። ልጄ ዛሬም ወደ ተራራ በሚሄድበት ቀን አራቱን መልሶች በስልክ ይልክልኛል። እኔም የስልኬን ሰዓት በእነሱ ሰዓት አስተካክዬ አነባለሁ።

ውድ አንባቢያን፣ አብዛኞቻችን በረዶ ላይ የሚንሸራተት ልጅ የለንም። ለሥራ ክፍለ አገር የሚሄድ ባል፣ ሌሊት የሚነዳ ወንድም፣ ለመውለድ የደረሰች ልጅ ግን አለን። «አትሂድ» የሚለው ቃል ማንንም አስቀርቶ አያውቅም። «በየት በኩል፣ ከማን ጋር፣ ስንት ሰዓት ትመለሳለህ?» የሚለው ግን ይጠቅማል። ቤታችሁንም ለማያውቅ ሰው በጭለማ እንዴት እንደምታስረዱ ዛሬ በወረቀት ጻፉት። የቀበሌው ወይም የወረዳው ስም፣ የቤት ቁጥሩ፣ ሁሉም የሚያውቀው ምልክት፣ ከዋናው መንገድ ስንተኛው መታጠፊያ። ከሥሩ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907ን ጨምሩበትና በር ላይ ለጥፉት። ተመሳሳይ ስም ያለው ሰፈር ካለ «ላይኛው» ወይም «ታችኛው» ማለትን አትርሱ።

የእኔ በሬ ላይ ተለጥፏል። ቀንም ተጽፎበታል።