የናፍጣ ሽታ

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ለአእምሮ ሐኪሞች በተዘጋጀ የአንድ ቀን ሥልጠና ላይ፣ ዓይንን ፈጽሞ የሚሸፍን መነጽር አጥልቀውልኝ ጆሮዬን በማዳመጫ ከደኑት። ወዲያው የተቀመጥሁበት ክፍል ጠፋና የአንዲት የኢራቅ ከተማ ጎዳና ተተካ። ወደ ቀኝም ሆነ ወደ ግራ ብዞር ጎዳናው እንጂ ክፍሉ አይታየኝም። አሠልጣኟ ከአጠገቤ ተቀምጣ ኮምፒውተሯን ስትነካ ቀኑ ይመሻል፤ ከሩቅ ተኩስ ይሰማል።

ቨርቹዋል ሪያሊቲ፣ በእኛ አነጋገር ምናባዊ እውነታ፣ ለጨዋታ ብቻ የዋለ ጥበብ አይደለም። ፍርሃት በሸሹት መጠን ይበረታል። ታማሚው የሚፈራውን ነገር አደጋ በሌለበት ስፍራ፣ ሐኪም አጠገቡ ሆኖ፣ በጥቂት በጥቂቱ ደጋግሞ ከተጋፈጠው ግን ልቡ እያደር ይረጋጋል። ከፍታ የሚፈራውን ሰው ሐኪሙ ፎቅ ላይ ሊያወጣው ይችላል፤ ጦርነት ያሳመመውን ወታደር ግን ወደ ጦር ሜዳ ሊመልሰው አይችልም። ስለዚህ ሜዳውን ወደ ሕክምናው ክፍል ማምጣት አስፈለገ። ባርባራ ሮዝባምና ላሪ ሆጅስ ከባልደረቦቻቸው ጋር ይህን ሥልት አትላንታ ውስጥ ከፍታን በሚፈሩ ሰዎች ላይ ሞክረው እ.ኤ.አ. በ1995 ውጤቱን አሳተሙ። ቀጥሎም ለቬትናም ዘማቾች ሄሊኮፕተሩንና ጫካውን በኮምፒውተር ሠሩላቸው። በ2000ዎቹ አጋማሽ ደግሞ አልበርት ሪዞና ባልደረቦቹ በደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ ከኢራቅ ለሚመለሱ ወታደሮች እኔ የገባሁበትን ዓይነት ከተማ ገነቡ። ሥዕልና ድምፅ አልበቃ ብሏቸው ሽታም ጨመሩበት፤ የባሩድ፣ የሚቃጠል ጎማ፣ የናፍጣ።

እኔን የጣለኝ ናፍጣው ነው።

ኢራቅን ረግጬ አላውቅም፤ ተኩሱም አላስደነገጠኝም። ሽታው አፍንጫዬን ሲነካው ግን የሰባት ዓመት ልጅ ሆንሁ። ጊዜው 1970 ዓ.ም. ነው፤ ቦታው አዲስ አበባ። ከአጥራችን ውጭ ሞተሩን ሳያጠፋ የቆመ መኪና፣ በበሩ ስንጥቅ የሚገባ ጭስ፣ በጠመንጃ ሰደፍ የሚደበደብ በር። ታላቅ ወንድሜ በጨለማ ጫማውን ሲፈልግ እኔ ከብርድ ልብሱ ሥር ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። «ልጁን እንዳትቀሰቅሱት» ብሎ ወጣ። አልተመለሰም።

መነጽሩን አውልቄ «ይቅርታ፣ አዙሮኝ ነው» አልሁና ከክፍሉ ወጣሁ። ለሃያ ዓመታት ሕሙማኔን «አይሽሹት» ስል የኖርሁት ሐኪም እኔ ራሴ ሸሸሁ።

በዚያ ሰሞን፣ ለእኛም ሰዎች እንዲህ ያለ ነገር ቢሠራልን ብዬ አሰብሁ፤ የቀበሌው እስር ቤት፣ በእግር የተቋረጠው የሱዳን በረሃ። ጥናቶቹን መለስ ብዬ ስመረምር ግን አሳቤ ተለወጠ። እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመ ጥናት 162 የአሜሪካ ወታደሮች ተካፍለው ነበር። መነጽሩን አጥልቀው የታከሙትም፣ ያለ አንዳች መሣሪያ ትዝታቸውን ለሐኪም ደጋግመው በመተረክ የታከሙትም፣ ሕክምናቸውን ገና ከሚጠብቁት ይልቅ ተሻላቸው። መሣሪያው ግን ከትረካው አልበለጠም። በመነጽሩ ውስጥ ያለውም ታማሚ ቢሆን የደረሰበትን ለሐኪሙ እየተረከ ነው የሚያየው። ትዝታው አልከፈት ላለው ሰው መሣሪያው በር ሊከፍትለት ይችላል። በሩ ከተከፈተ በኋላ ግን አብሮት የሚቀመጥና የሚያዳምጥ ሰው ያስፈልገዋል።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» እያልን እንተርታለን። ይሁን እንጂ በየቤታችን ያለውን ዝምታ እናውቀዋለን፤ እናት ለልጇ ስትል፣ ልጅም ለእናቱ ሲል የሚደብቀውን። እኔም ከዚህ የተለየሁ አልነበርሁም።

በዚያው ሳምንት እሑድ፣ እናቴን ከቤተ ክርስቲያን ወደ ቤት ስመልሳት፣ መኪና ውስጥ ነገርኋት።

«እማዬ፣ ያን ሌሊት ነቅቼ ነበር።»

የትኛው ሌሊት ብላ አልጠየቀችኝም። ብዙ ዝም አለች።

«ተኝተህ ነበር» አለች በመጨረሻ። «እሱ እንኳ ተኝቷል እያልሁ ነው የተጽናናሁት።»

«አልተኛሁም ነበር። ያለውን ሁሉ ሰምቻለሁ።»

መናገሬን ጠላሁት። ሰማንያ ዓመት ካለፋት ሴት አንዲቷን መጽናኛዋን የነጠቅኋት መሰለኝ። እርሷ ግን መሪውን በያዘው እጄ ላይ እጇን አኑራ፣

«ታዲያ ይህን ሁሉ ዘመን ብቻህን ይዘኸው ኖርህ?» አለችኝ።

መኪናውን መንገዱ ዳር አቆምሁት።

ከዚያ ወዲህ ስለ ወንድሜ እናወራለን። መጀመሪያ ማልቀስ ብቻ ነበር፤ ዛሬ ዛሬ ተንኮሉን ስታወራልኝ ትስቃለች። እኔም ሥልጠናው በድጋሚ ሲሰጥ ሄጄ መነጽሩን አጠለቅሁት። ናፍጣው ሸተተኝ፤ ልቤም መታ። ቢሆንም ሳላወልቀው እስከ ፍጻሜው ተቀመጥሁ።