የሆለታው መምህር ሩጫ

በሆለታ ከተማ ማለዳ ከሚሰማው ድምፅ አንዱ የወታደሮች ሩጫ ነው። በ1927 ዓ.ም. በስዊድን መኮንኖች የሚመራ የጦር ትምህርት ቤት የተከፈተባት ከተማ ስለ ሆነች፥ መሮጥን የጕብዝና መለኪያ አድርጎ የሚቈጥር ሰው በዚያ አይጠፋም። ዕድሜያቸው ከአምሳ ያለፈ አንድ መምህርም፥ ማራቶን የሚባለውን 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር በሕይወታቸው አንድ ጊዜ ለመሮጥ በቈረጡ ጊዜ፥ ርቀቱን አሰቡ እንጂ አካሄዱን አላሰቡም።

የመጀመሪያው ሙከራ ያሳዝናል። ወደ ቡራዩ በሚወስደው መንገድ እኩሌታውን ሄደው እኩሌታውን ሊመለሱ ተነሡ፤ ነገር ግን ገና ከከተማው ሳይወጡ ወጣት ወታደሮች ሲያልፏቸው እልክ ይዟቸው ከእነርሱ ጋር እኩል ሮጡ። እስከ መናገሻ ደኅና ነበሩ። በመመለሻው ግን፥ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ካለፉ በኋላ፥ እግራቸው እንደ ግንድ ደረቀ፤ ዓይናቸውም ጭልም አለባቸው። ከመንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ሳሉ አንድ እረኛ ልጅ፥ «አባባ፥ ደከምዎት እንዴ?» ብሎ ጠየቃቸው። እርሳቸውም፥ «አይ፥ የጫማዬን ማሰሪያ ላጠብቅ ነው» አሉት። በጭነት መኪና ተሳፍረው ሰው እንዳያያቸው አጐንብሰው ወደ ቤታቸው ገቡ። ድካሙ በሦስተኛው ቀን ለቀቃቸው፤ ያች ትንሽ ውሸት ግን አልለቀቀቻቸውም።

በሥጋቸው የደረሰው ነገር ምሥጢር የለውም። ሰው በጡንቻውና በጉበቱ የሚያከማቸው የስኳር ስንቅ፥ ብዙውን ጊዜ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ሲደርስ ይመናመናል፤ አጀማመሩን ያፈጠነም ስንቁን ቀድሞ ይጨርሳል። አየሩ በሚሳሳበት ደጋ፥ እንደ ሆለታና እንደ ሱሉልታ ባለው አገር፥ የችኰላ ዋጋ ይበልጥ ይከብዳል።

ታላላቆቹም ቢሆኑ ልካቸውን ጠብቀው ነው ያሸነፉት። አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፥ በዘመን መለወጫ ዋዜማ፥ በሮም ከተማ በባዶ እግሩ ሲሮጥ፥ ከሞሮኮው ራዲ ቤን አብደሰላም ጋር ረጅም መንገድ ጐን ለጐን ሄዶ፥ ጥሎት ያለፈው በመጨረሻ፥ ያን ጊዜ በዚያ ቆሞ ከነበረው ከአክሱም ሐውልት አጠገብ ነው። ቀነኒሳ በቀለም በመስከረም 2012 ዓ.ም. በበርሊን ከብርሃኑ ለገሠ ወደ ኋላ ቀርቶ ሳለ፥ አቅሙን ሰብስቦ ደረሰበትና አለፈው፤ 2 ሰዓት ከ1 ደቂቃ ከ41 ሰከንድ ሲገባም ከዓለም ክብረ ወሰን የጐደለው 2 ሰከንድ ብቻ ነበረ።

ለመምህሩ ዓይነት ሰው የሚስማማው ትምህርት ግን የሌላ ሰው ነው። ጄፍ ጋሎዌይ የተባለው አሜሪካዊ፥ ምሩጽ ይፍጠር የነሐስ ሜዳልያ ባገኘበት በ1964ቱ የሙኒክ ኦሎምፒክ፥ በዚያው በ10,000 ሜትር ተወዳድሮ ነበር። በኋላም ለጀማሪዎች ሩጫንና የእግር ጕዞን ማፈራረቅን አስተማረ። ፍሬ ነገሩ፥ ዕረፍቱ ከደከሙ በኋላ ሳይሆን ከመነሻው አንሥቶ ይወሰድ የሚል ነው። ይህ ለመስማት ቀላል፥ ለመፈጸም ግን ከባድ ነው፤ ጕልበት ሞልቶ ሳለ ሰው እያየ መራመድ ያሳፍራልና። የደከመ ቢራመድ ይታዘንለታል፤ ያልደከመ ቢራመድ ግን ይሣቅበታል።

መምህሩ በዓመቱ ዳግመኛ ሲነሡ 4 ደቂቃ ሮጠው 1 ደቂቃ ሊራመዱ ወስነው ሰዓታቸውን አዘጋጁ። ፊተኛይቱ የመራመጃ ደቂቃ የደረሰችው ገና ከገበያው ሳይርቁ ነበረ። የሚያውቋቸው ሁሉ ይመለከታሉ፤ ወታደሮቹም እንደ ለመዱት አልፈዋቸው ሄዱ። መምህሩ አንገታቸውን ደፍተው ተራመዱ። ከዚያች ደቂቃ የከበደች በመንገዱ ሁሉ አልነበረችም።

በመመለሻው ያ ድንጋይ ዘንድ ሲደርሱ ሰዓቱ መራመጃ ነበረ። እረኛው ልጅ አወቃቸውና፥ «አባባ፥ ዛሬም ደከምዎት?» አላቸው።

«አዎን፥ ልጄ፤ ደክሞኛል» አሉት። ወዲያው ሰዓቱ ጮኸና ሮጡ።

ቤታቸው የገቡት ከተነሡ 5 ሰዓት ከ10 ደቂቃ በኋላ ነው፤ ከዚህም ውስጥ 62ቱን ደቂቃ እንደ ተራመዱ ለጠየቃቸው ሁሉ ይናገሩ ነበር።