የቆመው አሳንሰር

አዲስ አበባ ውስጥ የምኖርበት ባለ ስድስት ፎቅ ሕንጻ በንጉሡ ዘመን የተሠራ ነው፤ የአሳንሰሩም ዕድሜ ያው ነው። ባለፈው ሳምንት በሦስተኛውና በአራተኛው ፎቅ መካከል ቀጥ ብሎ ቆመ። ውስጡ አንዲት አዛውንት ጎረቤታችን ነበሩ። ከአርባ ደቂቃ በኋላ በሩን በብረት ዘንግ ፈልቅቆ ያወጣቸው ዘበኛችን ነው (ሞያው እንዳልሆነ ልብ ይሏል)።

ሰው የሚፈራው የገመዱን መበጠስ ነው። ነገር ግን ገመዱ አንድ ብቻ አይደለም፤ ካቢኔው ከልክ በላይ ቢፈጥንም ሐዲዱን ነክሶ የሚይዝ ፍሬን አለው። ይልቅ የሚያስፈራው መቆለፊያው ያረጀ በር ነው፤ ካቢኔው በሌለበት ከተከፈተ ከፊት ያለው ባዶ ጉድጓድ ነው። ሐዲዱን ሳይነኩ በሩን፣ ሞተሩንና መቆጣጠሪያውን ብቻ መለወጥ ይቻላል።

ታዲያ ማን ይለውጠው? በ1967 ዓ.ም. ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው ዐዋጅ ቁጥር 47 ሕንጻችንንም ከባለቤቱ ወሰደ። ከዚያ ወዲህ ተከራይ አከራዩን ያያል፤ አከራዩ መሥሪያ ቤት በጀት ይጠብቃል። እኔስ ብሆን? ከዚህች አነስተኛ ኪራይ ለአሳንሰር የሚተርፍ እንደሌለ እያወቅሁ፣ ባለመጨመሩ ስደሰት ኖሬያለሁ።

ትናንት በሩ ላይ «ለጊዜው አይሠራም» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። አዛውንቷ የሚኖሩት ስድስተኛ ፎቅ ነው። ዛሬ እሑድ ቤተ ክርስቲያን አልሄዱም።