ርችት መስሎን ነበር

የፈረንሳዊውን እግር ኳስ ተጫዋች የላሳና ዲያራን ስም ዛሬ የሚያነሳ ሰው በአብዛኛው ስለ ሕግ ነው የሚያወራው። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 4 ቀን 2024 ሉክሰምበርግ ያለው የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በእሱ ጉዳይ አንዳንድ የፊፋ የዝውውር ደንቦች ከኅብረቱ ሕግ ጋር ይጋጫሉ ብሎ ሲወስን፣ የሥራ ጓደኞቼ ጉዳዩን እንደ ጠበቃ ሲተነትኑት ዋሉ። እኔ ዝም አልኩ። ለእኔ ያ ስም የአንድ ዓርብ ማታ ስም ነው።

ኖቬምበር 13 ቀን 2015 ነበር። ፓሪስ ውስጥ የአንድ ምግብ ቤት ጓዳ ገብቼ ሳህን እያጠብኩ የምኖርበት ጊዜ ነው። ፈረንሳይና ጀርመን ሰን ደኒ፣ ስታድ ደ ፍራንስ ላይ የወዳጅነት ጨዋታ ነበራቸው። አብሮኝ የሄደው ልጅ ፖግባን ሊያይ ነው፤ እኔ ዲያራን። ልጅ ሆኜ በሠፈር ሜዳ የምጫወተው እሱ በሚጫወትበት ቦታ፣ ከተከላካዮች ፊት ነበር። ቦታውን የሚፈልገው ሰው የለም። ጎል አታገባም፣ ስምህ አይጠራም፣ የተሳሳትክ ቀን ግን አገር ያይሃል።

ደግሞም ያን ሰሞን ዲያራ ከሞት የተነሳ ያህል ነበር። በ2005 ቼልሲ ሲገባ ቦታው የማኬሌሌ ነው። ከአርሰናል አልፎ በ2008 ከፖርትስማውዝ ጋር የኤፍ ኤ ዋንጫን በላ። ሪያል ማድሪድ ደግሞ 10 ቁጥር ሰጠው፤ 10 ቁጥር የለበሰ ኳስ ነጣቂ፣ ይህን ሳስብ እስከ ዛሬ ያስቀኛል። የ2010ን የዓለም ዋንጫ በሕመም አጣው። ሩሲያ ላይ ከሎኮሞቲቭ ሞስኮ ጋር ተጣልቶ በ2014 ውሉ ፈረሰና 10.5 ሚሊዮን ዩሮ ክፈል ተባለ። የሚያስፈርመው ክለብም የዕዳው ተካፋይ ሊሆን ስለሚችል ማን ይድፈር? አንድ የውድድር ዘመን ሙሉ ሳይጫወት አለፈው። በ2015 ክረምት ማርሴይ ወሰደው፤ በኦክቶበር፣ ከአምስት ዓመት በኋላ፣ ብሔራዊ ቡድኑ ጠራው። እኔም የሄድኩት ይህን የተመለሰ ሰው ላይ ነው።

በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ተኩል አልሞላም። ድም አለ። የተቀመጥንበት ወንበር የተነቃነቀ መሰለኝ። ሕዝቡ ግን «ኦኦኦ!» ብሎ በደስታ ጮኸ፤ ርችት መስሎት። ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ የፈረንሳዩ ኤቭራ ኳሷን እንደያዘ ሁለተኛው ደገመ። ኤቭራ ለአፍታ ቀና አለ፤ ኳሷን ለጓደኛው ሰጠና ጨዋታው ቀጠለ። ሕዝቡ እንደገና ጮኸ። እኔም ጮኼያለሁ። ከበሩ ውጭ ሰው ሞቶ እኔ ውስጥ ሆኜ እልል ብያለሁ።

ዤሩ አገባ። ፕሬዚዳንት ኦላንድ ከስታዲየሙ ተወስደዋል፤ እኛ አላወቅንም። ተጫዋቾቹም ጨዋታው እስኪያልቅ አልተነገራቸውም። ከዕረፍት በኋላ ግን ዙሪያዬ ያለው ሰው ሜዳውን ትቶ ስልኩን ማየት ጀመረ። መጀመሪያ አንዱ፣ ከዚያ መደዳው ሁሉ። አጠገቤ የነበሩ ሴትዮ እጄን ያዙኝ፤ አላውቃቸውም፣ እስከ መጨረሻም አልለቀቁኝም። ዢኛክ ሁለተኛውን ሲያገባ ግማሹ ጨበጨበ፣ ግማሹ አልሰማም።

ጨዋታው እንዳለቀ በድምፅ ማጉያው ከውጭ አንድ ነገር ስላለ በተወሰኑ በሮች ብቻ ውጡ ተባለ። መውጣት ስንጀምር ከፊት የነበሩት በድንገት ዞረው ወደ እኛ ሮጡ። ምን እንዳዩ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ምናልባት ምንም አላዩም። የሚረገጥ ልጅ አየሁ፤ አንድ ሰው በአንገትጌው አንሥቶ አወጣው። እኛ ወደ ታች፣ ወደ ሳሩ ወረድን። በሺህ የሚቆጠር ሰው ሜዳው ላይ ቆመ። ልጅ ሆኜ በሕልሜ ስንቴ የረገጥኩት ሳር ነው፤ እግሬ ግን እየተንቀጠቀጠ ነበር።

እናቴ አዲስ አበባ ላይ እኩለ ሌሊት አልፎባት ደወለች። «አለህ?» አለችኝ። «አለሁ፣ እማዬ።» «የት ነህ?» ሜዳ ላይ ነኝ ማለት አልቻልኩም። «ቤት ነኝ» አልኳት።

በመጨረሻ ስንወጣ በመተላለፊያው ውስጥ ሰዎች ብሔራዊ መዝሙራቸውን እየዘመሩ ነበር። የጀርመን ተጫዋቾች እዚያው ስታዲየም ውስጥ አደሩ፤ ፈረንሳዮቹም ጥለዋቸው አልሄዱም። ያን ሌሊት በፓሪስና በዙሪያዋ በተፈጸመው የሽብር ጥቃት 130 ሰው አልቋል፤ ዘጠናው ባታክላን አዳራሽ ውስጥ። የፈረንሳዩ አጥቂ የግሪዝማን እህት ከዚያ አዳራሽ በሕይወት ወጣች። የዲያራ ዘመድ ግን በጥይት ሞተች፤ በማግስቱ እንደ ታላቅ እህቱ እንደነበረች ጽፎ አነበብኩ። እኔ ዓይኔን ከእሱ ሳልነቅል ያመሸሁበት ማታ ነው። ኳስ ሲነጥቅ ነበር ያየሁት።

ከአራት ቀን በኋላ፣ ማክሰኞ፣ ዌምብሌይ ላይ ከእንግሊዝ ጋር ጨዋታ ነበር። ይጫወታል ብዬ አልጠበቅሁም፤ እኔ ራሴ ባቡር መሳፈር አቅቶኝ በእግሬ ነበር ሥራ የምገባው። የወጥ ቤቱ አለቃ ስልኩን ከቅመማ ቅመሙ መደርደሪያ ላይ አቁሞልን እየሠራን እናያለን። እንግሊዞች የፈረንሳይን መዝሙር አብረው ዘመሩ። በሁለተኛው አጋማሽ ዲያራ ከተቀያሪ ወንበር ተነሥቶ መስመሩ ላይ ቆመ። የባላጋራው ሕዝብ ሁሉ ብድግ ብሎ አጨበጨበለት።

በሚቀጥለው ክረምት ጉልበቱ አሞት አገሩ ያዘጋጀችው የአውሮፓ ዋንጫ አመለጠው፤ በ2019 ጫማውን ሰቀለ። ያን ማክሰኞ ግን ገባ። አለቃው ዞር ብሎ «ያንተ ሰው ገባ» አለኝ። እጄ ሳሙና ነበር፤ ዓይኔን በክንዴ ጠርጌ ቀና ስል፣ እሱ ከተከላካዮቹ ፊት ቦታውን ይዟል።