ቁልፉ በእጃችን ሲገባ



ሰላም የሚለው ቃል በስሟ ውስጥ ስላለ አንዲት ትንሽ ከተማ ላጫውታችሁ። ማሪየፍሬድ ትባላለች፤ ከስቶክሆልም በስተምዕራብ፣ በሜላረን ሐይቅ ዳርቻ የምትገኝ የስዊድን ከተማ ናት። ስሟ “የማርያም ሰላም” ማለት ነው። ስሙን የወረሰችው በ1493 ከተመሠረተ አንድ ገዳም ነው (ዓመታቱን ሁሉ የምጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ገዳሙን በ1526 የዘጋው ንጉሡ ጉስታቭ ቫሳ ነው። በዚያው ዓመት አዲስ ኪዳን በስዊድንኛ ታትሞ ወጣ፤ በዚህ እኛ ደስ ይለናል። ነገር ግን ንጉሡ በ1537 በሐይቁ ዳር ግሪፕስሆልም የተባለውን ግንብ ማሠራት ሲጀምር የገዳሙ ድንጋይም ለሥራው ዋለ። የሰላም ቤት ድንጋይ የምሽግ ግድግዳ ሆነ ማለት ነው።

ስዊድን ለእኛ ለወንጌላውያን ሩቅ አገር አይደለችም። የስዊድን ወንጌላዊ ተልእኮ መልእክተኞች ምጽዋ የደረሱት በ1866 ነው። ዛሬ ደግሞ የእኛ ልጆች በስቶክሆልም በአማርኛ ይዘምራሉ። እኔም በሰኔ ወር ወደዚያ የሄድኩት ለስብከት ብቻ አልነበረም። በአንዲት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሁለት የሥጋ ወንድማማቾች፣ አባታቸው አዲስ አበባ ላይ ትተውት ባለፉት ቤት ምክንያት፣ አራት ዓመት ሙሉ አልተነጋገሩም። እሑድ እሑድ አንዱ በቀኝ፣ ሌላው በግራ ይቀመጣል። የጌታን እራት ከአንድ ገበታ ይወስዳሉ፤ ሲወጡ ግን በየበራቸው ነው። የአጥቢያዋ ሽማግሌዎች ደክመው ነበርና እስቲ አንተ ሞክር ተባልኩ። (ይህን የምጽፈው ሁለቱም ፈቅደውልኝ ነው፤ ስማቸውን ግን አልጠቅስም።)

ሁለት ቀን በታላቁ ቤት ተቀመጥን። ታላቁ ለቤቱ ማደሻ የላከበትን ደረሰኝ ከምሮ ጠበቀኝ። ታናሹ ደግሞ ሥራውን ትቶ አገር ቤት ገብቶ አባቱን ያስታመመባቸውን ወራት አንድ በአንድ ቆጠረልኝ። ሁለቱም የሚናገሩት እውነት ነበረው፤ ሽምግልናውን ያከበደውም ይኸው ነው። ውሸታም ቢኖርበት ይቀል ነበር። በሦስተኛው ቀን ወገኖች “ፓስተር፣ አንድ ሌሊት እንኳ ይረፉ” ብለው፣ በ1903 በተሠራች የእንፋሎት መርከብ አሳፍረው ወደ ማሪየፍሬድ ላኩኝ።

ያረፍኩበት ቤት ታሪኩን ከ1609 የሚጀምር የእንግዳ ማረፊያ ነው፤ በስዊድን የሚቀድመኝ የለም ይላል። ክፍሌ ጸጥ ያለ ነበር። ከምሽቱ አራት ሰዓት ቢሆንም ብርሃኑ ገና አልጠፋም። በመስኮቱ ስመለከት ከውኃው ማዶ የግሪፕስሆልም ክብ ማማዎች በሐይቁ ላይ ተገልብጠው ይታያሉ። ይህን ያህል ዝምታ ከሰማሁ ዘመን አልፎኛል። እንቅልፍ ግን እንቢ አለኝ፤ በጆሮዬ የሚያስተጋባው የሁለቱ ወንድማማቾች ክርክር ነበር። ጸጥ ያለ ስፍራ ሁሉ ሰላም እንደማይሰጥ ያን ሌሊት ገባኝ።

በማግስቱ ቁርሴን በልቼ ወደ ግንቡ በእግሬ ሄድኩ። አስጎብኚዋ የነገረችን ታሪክ ግን ድንገት ካለሁበት ሽምግልና መሐል መለሰኝ።

ጉስታቭ ቫሳ ሲሞት ዙፋኑን የወረሰው ታላቁ ልጁ ኤሪክ 14ኛ ነበር። በአባት የሚገናኘው ወንድሙ ዮሐን የፊንላንድ መስፍን ነበር። ወንድማማቾቹ በሥልጣን ተጣሉ፤ በ1563 ኤሪክ ዮሐንን አስይዞ አባታቸው ባሠራው በዚህ ግንብ አሰረው። የዮሐን ሚስት የፖላንድ ንጉሥ ልጅ ካታሪና ነበረች። ባሏን ትታ በነፃነት እንድትኖር ምርጫ ተሰጥቷት ነበር። እርስዋ ግን የጋብቻ ቀለበቷን አሳየች ይባላል፤ በቀለበቱ ላይ ከሞት በቀር የሚለየን የለም የሚል ቃል በላቲን ተቀርጾ ነበር። አብራው ገባች። በእስር ሳለች የወለደቻት የመጀመሪያ ልጇ በሕፃንነቷ ሞተችባት። በ1566 በዚያው ግንብ የወለደችው ልጅ ደግሞ ኋላ የፖላንድም የስዊድንም ንጉሥ ሆነ። በ1567 ተፈቱ። አራት ዓመት!

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥሩ የሠርግ ስብከት ይወጣው ነበር። ግን አላበቃም። በ1568 ዮሐን ተነሥቶ ወንድሙን ከዙፋን አወረደ፤ አሰረውም። ኤሪክ ከእስር ቤት ወደ እስር ቤት ሲዘዋወር ከ1571 እስከ 1573 የቆየው በዚሁ በግሪፕስሆልም ነው። ከእስር ሳይወጣ በ1577 ሞተ።

ወገኖቼ፣ ልቤን የነካው ይህ ነው። ዮሐን የእስርን መራራነት ከማንም የበለጠ ያውቃል። በነፃ ፈቃዷ ከጎኑ የታሰረች ሚስት አራት ዓመት ሙሉ ፍቅር ምን እንደሆነ በዓይኑ አሳይታዋለች። ሆኖም ቁልፉ በእጁ ሲገባ ያደረገው ወንድሙ ያደረገበትን ነው። መበደል ብቻውን ሰውን ርኅሩኅ አያደርገውም። መፈታትም ብቻውን አያደርገውም።

ጌታ ኢየሱስ በማቴዎስ 18፥23-35 የተናገረው ምሳሌ ትዝ አለኝ። ሊከፍለው የማይችለው ዕዳ የተተወለት ባሪያ ከጌታው ፊት እንደወጣ ያገኘው ጥቂት ገንዘብ ያበደረውን ባልንጀራውን ነው። አነቀው፤ ወኅኒም አስገባው። ልብ በሉ፣ ባልንጀራው በእርግጥ ዕዳ ነበረበት። ባሪያው የተፈረደበት ሐሰተኛ ክስ አቅርቦ ሳይሆን፣ እርሱ ራሱ በምን እንደተፈታ ስለረሳ ነው። እነዚያ ደረሰኞች ልክ ነበሩ፤ የማስታመሙም ወራት ልክ ነበሩ። ጥያቄው ማን ልክ ነው የሚለው ብቻ አልነበረም።

በዚያው ማታ ስቶክሆልም ተመልሼ ሁለቱን ወንድማማቾች አገኘኋቸው። ስለ ቤቱ አላነሣሁም። የግሪፕስሆልምን ታሪክ ነገርኳቸው፤ ምሳሌውንም አብረን አነበብን። ብዙ ጊዜ ዝም አሉ። ኋላ ታላቁ ቀና ብሎ፣ “ፓስተር፣ እዚህ ቤት ውስጥ ካታሪናን የሚሆን ማን ነው ታዲያ?” አለኝ። እኔ መልስ አልነበረኝም። የመለሰችው ሦስቱንም ቀን ቡና እያፈላች አንዲት ቃል ያልተነፈሰችው ሚስቱ ናት። “እራት ቀርቧል፤ ሳይበላ የሚወጣ የለም” አለች። ከመሶቡ ቆርሳ የመጀመሪያውን ጉርሻ ለታናሹ አጎረሰችው። ቀጥላም ወደ ባሏ ዞራ፣ “አንድ ጉርሻ ያጣላል፤ ሁለተኛው ያንተ ነው” አለችው። እጁ እየተንቀጠቀጠ አጎረሰው።

ቤቱ እስካሁን አልተከፋፈለም፤ ጉዳዩ በጠበቃ እጅ ነው። ሁለቱም በሚሉት እንደ ጸኑ ናቸው። ነገር ግን በየሳምንቱ ይደዋወላሉ፤ ሙግቱንም በአንድ መሶብ ዙሪያ ተቀምጠው ይሟገታሉ። ለእኔ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ካታሪና የገባችው ለምትወደው ባሏ ነው። ጌታችን ግን ገና ጠላቶች ሳለን ወደ እኛ እስር ቤት ገባ (ሮሜ 5፥10)። ማንም አላስገደደውም፤ ክብሩን ትቶ ወረደ (ፊልጵስዩስ 2፥6-8)። ደግሞም አብሮን ታስሮ አልቀረም፤ በሩን ከፍቶ አወጣን። ወደ ክርስቶስ ገና ያልመጣህ ወዳጄ፣ የወንጌሉ ጭብጥ ይህ ነውና ዛሬውኑ አስብበት። ከእስር ለመውጣት በራስህ ጉልበት መታገል የለብህም፤ በሩን የሚከፍተው ወዳለህበት መጥቶልሃል።

ያመንን ደግሞ አንድ ጥያቄ ይቀርብልናል። የተፈታ ሰው ቁልፍ ይሰጠዋል፤ በቁልፉ ምን እናደርጋለን? ዛሬ በልባችን ቆልፈን ያስቀመጥነው ሰው ይኖር ይሆን? ወንድም፣ እህት፣ የቀድሞ አገልጋይ፣ የሞቱ አባት ወይም እናት? የበደለን እውነት ሊሆን ይችላል፤ ደረሰኙም በእጃችን ይኖር ይሆናል። በደሉ በደል አይደለም አልልም፤ የሚያስፈልገው ፍርድም አይቅር። የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። እኛ በምን እንደተፈታን አስበን፣ ይህ ሳምንት ሳያልፍ በሩን እንክፈት። አንድ ስልክ እንደውል፤ ወይም አንድ ገበታ እናቅርብ።

የሰላም አምላክ ልባችንን ያስፋልን። ተባረኩ።