ላሚቱስ የት ትጻፍ?

በመስከረም 1999 ዓ.ም. ፎገራ ሜዳ ላይ፣ ውኃው ገና ተጠርጎ ባልሸሸበት አንድ ቀበሌ፣ የተጎጂዎች መመዝገቢያ ቅጽ ይዤ ቆሜ ነበር። በነሐሴ ርብና ጉማራ ሞልተው፣ ጣናም ከዳሩ አልፎ፣ ፎገራን፣ ሊቦ ከምከምንና ደምቢያን አጥለቅልቀው ነበር። እኔ ያኔ ከባሕር ዳር የተላክሁ ወጣት ረዳት ምሩቅ ነበርኩ። ቅጹን ያዘጋጀው መሥሪያ ቤት ስሙ ይቆየን። የሞተ ሰው፣ የተፈናቀለ ሰው፣ የቤተሰብ ብዛት፣ የጠፋ ሰብል በሔክታር ይጠይቃል። አንድ አዛውንት ጽፌ እስክጨርስ በትዕግሥት ጠብቀው፣ «ልጄ፣ ላሚቱስ የት ትጻፍ?» አሉኝ።

«ቦታ የለውም፣ አባቴ።»

ከዚያ በኋላ ለዓመታት ድጎማ ገበያን ያዛባል እያልኩ አስተማርኩ። ይህንኑ ትምህርት አብዝታ የምትሰብከን አሜሪካ ግን ለራሷ ከብት አርቢ ሌላ ሕግ አላት። በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣው የእርሻ ሕጓ በአየር ጠባይ አደጋ ለሞተ ከብት የገበያ ዋጋውን 75 በመቶ መንግሥት እንዲከፍል ያዛል። አንድ ካውንቲ በድርቅ ካርታው ላይ ለተከታታይ ሳምንታት በከባድ ድርቅ ከተመዘገበም የግጦሽ ክፍያ አለ። እኛ ካዝናችን ባዶ ነው ይባል ይሆናል፤ አልክድም። እኔን የሚከነክነኝ መቁጠሪያው ነው፤ እነሱ ከብቱን ሲቆጥሩ እኛ አፍ እንቆጥራለን። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው ሴፍቲኔት እንኳ፣ ድሃው ጥሪቱን እንዳይሸጥ ታስቦ የተነደፈ ሆኖ ሳለ፣ የሚሰፈረው በቤተሰብ ቁጥር ነው።

በቦረና የኦሮሚያ ኢንሹራንስ ኩባንያ በ2012 እ.ኤ.አ. የጀመረው የእንስሳት መድን ከዚህ ይሻላል። ሬሳ ቆጠራ የለበትም፤ ሳተላይት የግጦሹን አረንጓዴነት ይለካል፣ ከተወሰነው መጠን ሲወርድ ይከፈላል። ኬንያም በ2015 ለድሃ አርብቶ አደሮች ዓረቦኑን ከመንግሥት በጀት መሸፈን ጀምራ ነበር። አንድ ባልደረባዬ ይህን እንዳለ ወደ ጣና ዳር እናምጣው ይለኛል። ሳተላይቱ የእኛን መከራ በምን ዓይኑ ያየዋል? ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ የሐይቁን ሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ የወረረው እንቦጭ እኮ አረንጓዴ ነው! ውኃው ሲሸሽ ከብት የሚሰማራበትን የበጋ ግጦሽ ሸፍኖ ይቀራል። ከሰማይ ለሚያይ አገሩ ለምለም ነው፤ ላሚቱ ግን ጦሟን ታድራለች።

የፎገራ ላም ደግሞ ሞታ በማግስቱ ከገበያ የምትተካ አይደለችም። ረግረጉን የለመደች፣ በወተቷ የታወቀች ዝርያ ናት፤ ከባሕር ዳር ወጣ ብሎ ያለው የአንዳሳ እንስሳት ምርምር ማዕከል ዘሯ እንዳይጠፋ መንጋ ይዞ ያረባል። ሩዝ በሜዳው ከተስፋፋ ወዲህ የወል ግጦሹ ጠቧል። (ሩዙን አልነቅፍም፤ ለብዙ ገበሬ ቆርቆሮ ቤት ሠርቶለታል፣ ገለባውም መኖ ሆኗል።) ክረምት ሳይገባ በየቀበሌው የላሞች መዝገብ ቢያዝ፣ ካሳውም ጊደርና መኖ ቢሆን እላለሁ። አንድ ደብተርና አንድ የልማት ሠራተኛ ይበቃል። ድጎማ ነው የሚለኝ ካለ፣ አዎን፣ ድጎማ ነው።

አዛውንቱ የነገሩኝን ምልክት ዛሬም አልረሳሁትም፤ ጥቁር፣ ግንባሯ ነጭ፣ ሁለተኛ ጥጃዋን የወለደች። አፍሬ በቅጹ ኅዳግ ላይ ጻፍኩት። ቅጹ ወደ ኮምፒዩተር ሲገለበጥ ኅዳጉ አልገባም።